ጥሪው ለሁሉም፣ ምደባው ለየብቻ፦ በሶቪየት የግዴታ ውትድርና ጥናት ላይ የቀረበ አስተያየት

ስለ ሶቪየት ኅብረት የግዴታ ውትድርና የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ከሕጉና ከቁጥሩ ይነሣሉ። ሕጉ ግልጽ ነው። በኦክቶበር 1967 የጸደቀውና በጃንዋሪ 1968 ሥራ ላይ የዋለው የጠቅላላ ወታደራዊ ግዴታ ሕግ፣ ወንድ ዜጎች ሁሉ በትውልድ፣ በብሔረሰብ፣ በሃይማኖት፣ በትምህርት ደረጃና በመኖሪያ ቦታ ልዩነት ሳይደረግባቸው የማገልገል ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩም ግዙፍ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ይጠሩ ነበር። ከእነዚህ ሁለት ማስረጃዎች ተነሥቶ ሠራዊቱ የገበሬውንም የፕሮፌሰሩንም ልጅ በአንድ ዓይን ያየ ተቋም ነበር ብሎ መደምደም ቀላል ነው። መንግሥቱ ራሱም ሠራዊቱን የሕዝቦች ወዳጅነት ትምህርት ቤት አድርጎ ያቀርበው ነበር።

ይህ ድምዳሜ የተሳሳተው ሕጉን ስለሚያምን ብቻ አይደለም። የሚመለከተው ቦታ የተሳሳተ በመሆኑም ጭምር ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት የሶቪየት ውትድርና በጥሪው ለእኩልነት የቀረበ፣ በምደባው ግን ከእኩልነት የራቀ ሥርዓት ነበር። የወጣቱን ዕጣ የሚወስነው መጥሪያ መቀበሉ ሳይሆን፣ መጥሪያውን ከተቀበለ በኋላ እስከ ጦር ሰፈሩ በር ድረስ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የሚደረግበት መለየት ነው። ስለሆነም የአንድን አገር የግዴታ ውትድርና ፍትሐዊነት ለመመዘን የሚሻ ተመራማሪ «ማን ተጠራ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ማን ወዴት ተላከ?» የሚለውን ማስቀደም ይኖርበታል።

የመዝገብ መረብ

በመጀመሪያ ጥሪው ለምን ለእኩልነት እንደ ቀረበ ማየት ያስፈልጋል። ምክንያቱ የመንግሥቱ በጎ ፈቃድ አልነበረም፤ የመዝገቡ ጥራት እንጂ። ወጣቱ 17 ዓመት በሚሞላበት ዓመት፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባሉት ወራት፣ በሚኖርበት ወረዳ ወደሚገኘው ወታደራዊ ኮሚሳሪያት፣ ማለትም ሩሲያውያን በአጭሩ «ቮየንኮማት» ወደሚሉት ቢሮ ቀርቦ ይመዘገባል፤ የሕክምና ምርመራም ይደረግለታል። ኮሚሳሪያቱ የስም ዝርዝሩን የሚያገኘው ቤት ለቤት ዞሮ አልነበረም። ትምህርት ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶችና የመኖሪያ ቤት አስተዳደሮች ያቀርቡለት ነበር። አድራሻ የሚለውጥ ሰው ስሙን ከቀድሞው ኮሚሳሪያት አስነሥቶ በአዲሱ ማስመዝገብ ግዴታው ነበር። ይህን ያላደረገ ወጣት «ፕሮፒስካ» የተባለውን የመኖሪያ ምዝገባ ለማግኘት ይቸገራል፤ ያለ ፕሮፒስካ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ሥራ መቀጠር አዳጋች ነበር።

ትምህርት ቤቱም ከስም አቅራቢነት ያለፈ ድርሻ ነበረው። የ1967ቱ ሕግ የመደበኛ አገልግሎቱን ዘመን በምድር ጦር ከ3 ወደ 2 ዓመት፣ በባሕር ኃይል ከ4 ወደ 3 ዓመት ሲያሳጥር፣ የጎደለውን ጊዜ ለማካካስ የቅድመ ውትድርና ሥልጠና በትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ አድርጓል። ተማሪው መሣሪያ ፈትቶ መግጠምን፣ የሰልፍ ሥርዓትንና ከኬሚካል ጥቃት መከላከልን በመማሪያ ክፍሉ ይማር ነበር። ዶሳፍ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የመከላከያ ድጋፍ ማኅበር ደግሞ ከጥሪው በፊት አሽከርካሪዎችን፣ የራዲዮ ሠራተኞችንና የጃንጥላ ዘላዮችን ያሠለጥን ነበር። በመሆኑም መጥሪያው ሲደርስ ወጣቱ ለመንግሥቱ እንግዳ አልነበረም፤ ጤናው፣ ሙያው፣ የቤተሰቡ ሁኔታና የትምህርት ውጤቱ አስቀድሞ በአንድ ፋይል ውስጥ ተሰንዷል።

የዚህ መረብ ጥንካሬ ፖሊስን ከእይታ ያራቀ መሆኑ ነው። እምቢተኛውን በወንጀል ሕግ የሚያሳስር አንቀጽ በእርግጥ ነበር፤ በሃይማኖት ምክንያት መሣሪያ አንሸከምም ያሉ ሰዎችም ታስረውበታል። በጃንዋሪ 1919 የወጣ ድንጋጌ ለእንደነዚህ ያሉ ሰዎች በፍርድ ቤት በኩል አማራጭ ሰጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ የ1939ኙና የ1967ቱ ሕጎች ይህን በር አልከፈቱም። ይሁን እንጂ እጅግ ብዙው ወጣት ወደ ኮሚሳሪያቱ የሄደው እስርን ብቻ ፈርቶ አይደለም። ያለ ወታደራዊ መዝገብ ሕይወትን መቀጠል ስለማይቻል፣ ጎረቤቱም ወንድሙም ስለሄዱና መሄድ የወንድነት ማረጋገጫ ሆኖ ይታይ ስለነበርም ጭምር ነው።

ከመጥሪያው እስከ ባቡሩ

በየዓመቱ በጸደይና በመጸው የመከላከያ ሚኒስትሩ የጥሪ ትእዛዝ በጋዜጣ ይወጣል። ወጣቱ መጥሪያውን ፈርሞ ከተቀበለ በኋላ በወረዳው የጥሪ ኮሚሽን ፊት ይቀርባል። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ወታደራዊው ኮሚሳር ሲሆን፣ የአካባቢው ምክር ቤት፣ የፓርቲው፣ የኮምሶሞልና የፖሊስ ተወካዮች እንዲሁም ሐኪም አብረው ይቀመጣሉ። ኮሚሽኑ አንዱን ብቁ ይለዋል፤ ሌላውን በሕመም፣ በትምህርት ወይም በቤተሰብ ጧሪነት ምክንያት ያዘገየዋል።

ከዚያ በኋላ «ፕሮቮዲ» የሚባለው የስንብት ግብዣ ይደረጋል። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ሲበላ፣ ሲጠጣና ሲያለቅስ ያድራል። በማግስቱ ወጣቱ በመሰብሰቢያ ጣቢያው ይገኛል። ፓስፖርቱን አስረክቦ የወታደር ደብተር ይቀበላል፤ ፀጉሩ ይላጫል። ለዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ዋናው ነገር የሚፈጸመውም እዚሁ ጣቢያ ላይ ነው። ከየጦር ክፍሉ የተላኩ መኮንኖች ቡድናቸውን ለመረከብ ይመጣሉ። ወታደሮቹ ለእነዚህ መኮንኖች ያወጡላቸው የዘልማድ ስም «ገዢዎች» የሚል ነበር። ስሙ ቀልድ ቢመስልም የሥራውን ባሕርይ በትክክል ይገልጻል። የአየር ወለዱ ገዢ ቁመናና ጤና ይፈልጋል። የድንበር ጠባቂውና የሮኬት ጦሩ ገዢ ንጹሕ የቤተሰብ ታሪክና የተሻለ ትምህርት ይጠይቃል። የግንባታ ሻለቃው ገዢ ከሌሎቹ የተረፈውን ይወስዳል። ወጣቱ ወዴት እንደሚሄድ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

ምደባው ምን ይለይ ነበር?

ይህ የመለየት ልማድ የተጀመረው በ1967 አይደለም። ቀይ ጦር በጃንዋሪ 1918 ሲመሠረት የበጎ ፈቃደኞች ሠራዊት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የእርስ በርሱ ጦርነት ሲበረታ፣ ውትድርናው ግዴታ ሆነ። ግዴታው ግን ሁለት ዓይነት ነበር። ሠራተኛውና ገበሬው መሣሪያ ሲሸከም፣ «ሠርተው የማይበሉ» ከተባሉት መደቦች የተወለደው በደጀን ሆኖ ጉልበቱን እንዲሰጥ ተመደበ። ይህ የመደብ ገደብ የተነሣው በ1936ቱ ሕገ መንግሥትና በ1939 በወጣው የጠቅላላ ወታደራዊ ግዴታ ሕግ ነው።

የመደቡ መለኪያ ሲወጣ የብሔረሰብ መለኪያ ገባ። በማርች 1938 በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ውሳኔዎች ተላለፉ። አንደኛው የብሔረሰብ ጦር ክፍሎችን አፍርሶ ወታደሮቹን በመላው አገር በተበተኑ ክፍሎች ውስጥ አደባለቀ። ሁለተኛው የሩሲያ ቋንቋን ሩሲያዊ ባልሆኑ ሪፐብሊኮች ትምህርት ቤቶች ግዴታ አደረገ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የሠራዊቱ ፍላጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ከትውልድ ቀዬው ርቆ ማገልገሉ ሥርዓት ሆነ፤ ሩሲያኛ የማይችል ምልምል ደግሞ ገና ከመነሻው ወደ ዝቅተኛው ምድብ ያዘነብላል።

ከሁሉ የከፋው ምሳሌ የጦርነቱ ዘመን ነው። በ1941 መገባደጃ የጀርመን ዘር ያላቸው የሶቪየት ዜጎች ከተዋጊ ክፍሎች እንዲወጡ ተደረገ። ከ1942 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ወንዶቹ በዚያው በወታደራዊ ኮሚሳሪያቱ መጥሪያ ተጠርተው «የሠራተኛ ጦር» ወደሚባለው ተላኩ፤ በጥበቃ ሥር ሆነው ደን ቆረጡ፣ ፋብሪካ ገነቡ፣ ማዕድን ቆፈሩ። በረኀብና በብርድ ያለቁትም ብዙ ናቸው። መጥሪያውን ብቻ የሚያይ ተመራማሪ አንድ ዓይነት ሰነድ ያያል። ሰነዱ ግን አንዱን ወጣት ወደ ግንባር፣ ሌላውን በሽቦ ወደ ታጠረ ካምፕ ወስዶታል።

ከጦርነቱ በኋላ ልዩነቱ ለዘብ ቢልም አልጠፋም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ «ስትሮይባት» በሚል አጠራር የሚታወቁት የግንባታ ሻለቃዎች የማዕከላዊ እስያና የካውካሰስ ወጣቶች፣ የአማኝ ቤተሰብ ልጆች፣ የቀድሞ ጥፋት መዝገብ ያለባቸውና ሩሲያኛ የማይቀናቸው ምልምሎች የሚበዙባቸው ክፍሎች ነበሩ። እንደ ባይኮኑር ያሉ ታላላቅ ተቋማት በወታደራዊ ግንበኞች እጅ ተሠርተዋል። የእነዚህ ወጣቶች ወታደራዊ ሥልጠና አነስተኛ ነበር፤ መሣሪያቸው አካፋና መዶሻ ነው። በሕጉ ዓይን ግን ከሮኬት ጦሩ ባለሙያ ጋር እኩል «የክብር ግዴታቸውን» የተወጡ ናቸው።

ምደባው በጦር ሰፈሩ ውስጥም ይቀጥላል። በዓመት ሁለት ጊዜ መጥራትና ሁለት ዓመት ማገልገል ሲጋጠሙ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ የግማሽ ዓመት ልዩነት ያላቸው አራት ትውልዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። «ዴዶቭሽቺና»፣ በቀጥተኛ ፍቺው «የአያቶች አገዛዝ»፣ የተባለው የነባር ወታደሮች ጭካኔ ሥር የሰደደው በዚህ መደላድል ላይ ነው። ሙያተኛ የበታች ሹማምንት አለመኖራቸውም አባባሰው፤ ሳጅኑ ራሱ ለጥቂት ወራት ሠልጥኖ የተመለሰ ምልምል ነበርና።

የተማሪው ጉዳይ

የዚህ ቡለቲን አንባቢ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ሰው እንደ መሆኑ፣ ተማሪው በዚህ ሥርዓት ውስጥ የት እንደ ነበረ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ለብዙ ዓመታት ከሌላው በተሻለ ቦታ ነበር የሚል ነው። በመደበኛ መርሐ ግብር የሚማር ወጣት ጥሪው ይዘገይለታል። ዩኒቨርሲቲው የወታደራዊ ትምህርት ክፍል ካለው ደግሞ ትምህርቱን ጎን ለጎን ተከታትሎ ተጠባባቂ መኮንን ሆኖ ይመረቃል፤ የተራ ወታደርነት ሕይወትን ሳይቀምስ ሊቀርም ይችላል። ስለዚህ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና የዕውቀት ፈተና ብቻ አልነበረም። የወደቀ ተማሪ በቀጣዩ ጥሪ ወታደር ይሆናል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ለጥሪ የሚደርሰው ትውልድ ቁጥር ሲያንስና የአፍጋኒስታን ጦርነት ሲቀጥል፣ ይህ ከለላ እየጠበበ ሄደ፤ ብዙ ተማሪዎች ከመማሪያ ክፍል ተነሥተው ወደ ጦር ሰፈር ገቡ። ከ1979 መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ 1989 በዘለቀው በዚያ ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ የሶቪየት ወታደሮች ተሳትፈዋል፤ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉት ሞተዋል። አብዛኞቹ በጥሪ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። የዚንክ ሣጥን የደረሳቸው ወላጆች ብዙ ጊዜ ልጃቸው የት እንደ ሞተ በመቃብሩ ላይ እንዲጽፉ እንኳ አይፈቀድላቸውም ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ስለ ውትድርናው ድምፁን በአደባባይ ያሰማው የራሱ ልጆች በብዛት መጠራት ከጀመሩ በኋላ ነው። በ1989 የተጠሩ ተማሪዎች ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ወደ ትምህርታቸው እንዲመለሱ ተወሰነ። ውሳኔው ተገቢ ነበር። ሆኖም በግንባታ ሻለቃ ያለው የገጠር ልጅ በዚያው ውሳኔ አልተመለሰም። ስለ ውትድርና የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ የተማረው ሰው በመሆኑ፣ የተማረው ሰው ያልደረሰበት ምድብ ከጽሑፍ ይጎድላል። ይህ ጉድለት የእኛም የተመራማሪዎች ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ሠራዊቱ ለብዙዎች የዕድገት መሰላል ነበር የሚል ነው። እውነትነት አለው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የጋራ እርሻ ገበሬዎች አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ፓስፖርት አልነበራቸውም፤ የመስጠቱ ውሳኔ የተላለፈው በ1974 ነው። ለመንደሩ ወጣት ውትድርና ከእርሻው የሚወጣበት ጥቂት ሕጋዊ መንገዶች አንዱ ነበር። አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ ከተማ ፋብሪካ የገባና ወደ መንደሩ ያልተመለሰው ብዙ ነው። የመንጃ ፈቃድ፣ የብየዳ ሙያና የሩሲያ ቋንቋ ይዞ የወጣውም አይናቅም። ይህ ሐቅ ግን መከራከሪያውን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መሰላሉ የሚያወጣው በተመደቡበት ክፍል መጠን ነውና። በታንክ ክፍል የተመደበው መካኒክ ሆኖ ሲወጣ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉድጓድ የቆፈረው ይዞት የሚወጣው ሙያ አልነበረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማንኛውም ሠራዊት ምልምሎቹን በችሎታ መለየቱ የማይቀር ነው የሚል ነው። ይህም ትክክል ነው፤ ዓይኑ የደከመን ሰው አነጣጣሪ ተኳሽ ማድረግ አይቻልም። ጥያቄው መለየቱ ሳይሆን መለኪያው ነው። ችሎታ በሚል ስም የሚለካው የወላጅ ማንነት፣ የእናት ቋንቋ ወይም እምነት ሲሆን፣ መለኪያውም ለተለኪው ሳይነገረው ሲቀር፣ ሕጉ «ያለ ልዩነት» ማለቱ መሸፈኛ ይሆናል።

መረቡ ሲበጠስ

የሥርዓቱ ፍጻሜ ይህን ንባብ ይደግፋል። ከ1989 ጀምሮ የወታደር እናቶች ኮሚቴዎች በሰላም ጊዜ በጦር ሰፈር የሞቱ ልጆቻቸውን ጉዳይ በአደባባይ ማንሣት ያዙ። የባልቲክና የካውካሰስ ሪፐብሊኮች ወጣቶች ጥሪውን በገፍ እምቢ አሉ፤ የአካባቢው ባለሥልጣናትም መዝገቡን ለማቅረብ ፈቃደኛ አልሆኑም። እነዚህ እናቶችና ወጣቶች የተቃወሙት በአብዛኛው መጠራትን ብቻ አልነበረም። ከአገር ርቆ መላክን፣ በማያውቁት ሰፈር በነባሮች እጅ መውደቅን፣ ልጅን በሣጥን መቀበልን ተቃወሙ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ልጆቻችን በየሪፐብሊካቸው ያገልግሉ የሚል ነበር፤ ይህም የምደባ ጥያቄ ነው።

በጃንዋሪ 1991 መጀመሪያ የመከላከያ ሚኒስቴር እምቢተኞችን ለማስገደድ አየር ወለድ ጦር ወደ ባልቲክና ወደ ሌሎች ሪፐብሊኮች እንደሚልክ አስታወቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላም በቪልኒዩስ የቴሌቪዥን ማማ አጠገብ ሲቪሎች በሶቪየት ጦር ተገደሉ። ለአሥርተ ዓመታት በአንድ ቁራጭ መጥሪያ ይሠራ የነበረው ሥርዓት ጦር ማሰማራት ያስፈለገው መዝገቡ ላይ እምነት ስለጠፋ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥቱ ራሱ አልነበረም።

ለእኛ ጥናት ምን ይላል?

ይህ ርእስ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለው። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት የጦር መሣሪያና አማካሪ ይቀበል በነበረበት ዘመን፣ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅን አወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ዜጎች 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት እንዲያገለግሉ ደነገገ። የአዋጁ ቃል ለሶቪየቱ ይቀርባል። ከሥሩ የነበረው መዝገብ ግን አንድ አልነበረም። ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ የተጣለባቸውን ኮታ ለመሙላት የሚተማመኑበት የተሟላ የልደት፣ የትምህርትና የአድራሻ መዝገብ አልነበራቸውም። ክፍተቱን የሞላው ሕዝቡ ዛሬም «አፈሳ» ብሎ የሚያስታውሰው ድርጊት ነው። በሶቪየት ኅብረት መለየቱ ከጥሪው በኋላ ሲሆን፣ በእኛ አገር ከጥሪው በፊት ጀመረ፤ ማን እንደሚሰጥና ማን እንደሚቀር የሚወሰነው ኮታውን በሚሞላው ሰው ደጃፍ ነበርና።

ስለ ብሔራዊ ውትድርና የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በአዋጁ አንቀጾችና በዙሮቹ ቁጥር ላይ ብቻ ቢቆሙ ይህን ልዩነት ሊያሳዩን አይችሉም። ጥናቱ ሦስት ነገሮችን ቢያክል ይበጃል። አንደኛ፣ የአስመራጭ ኮሚቴዎችን ቃለ ጉባኤና የምደባ ዝርዝሮችን ከየወረዳውና ከየቀበሌው መዛግብት ማፈላለግ። ሁለተኛ፣ ለዘማቹ በሚቀርበው ቃለ መጠይቅ «እንዴት ተጠሩ?» ከሚለው ጎን «ከእርስዎ ጋር ተጠርቶ ያልሄደው ማን ነበር? እርስዎስ ለምን ወደዚያ ክፍል ተመደቡ?» የሚሉትን ጥያቄዎች መጨመር። ሦስተኛ፣ መልሱን በቋንቋ፣ በትምህርትና በመኖሪያ ቦታ ከፋፍሎ ማነጻጸር።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የዘመቱት ሰዎች ዛሬ አብዛኞቹ በስልሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ቢያንስ የኮሚሳሪያቱ ፋይል ለተከታዩ ትውልድ ተርፏል። በእኛ ዘንድ ግን ፋይሉ ያልያዘውን የያዙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በመሆኑም የታሪክ፣ የሕግና የሶሺዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች ይህን ቃል የመሰብሰቡን ሥራ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የመመረቂያ ጽሑፍ ርእሶቻቸው ውስጥ ቢያስገቡት፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ በአዋጁ ጽሑፍ ብቻ ከመወሰን ያድነናል።